የቪትዝ የውስጥ ፕላስቲክ እድሳት፤ ከባሕር ዳር ሽምብጥ ግቢ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት መግቢያ፤ መኪናዋ ያለችበት

ቶዮታ ቪትዝ ናት፣ የመጀመሪያው ቅርጽ፣ በፈረንጅ 2002 የተሠራች። የእህቴ ናት። ሞተሯ ደህና፣ ቦዲዋም ደህና። ውስጧ ግን ያሳፍራል። የአራቱም በር ፓኔል፣ የማርሹ ዙሪያና የመሃል ዳሽቦርዱ ክፈፍ ከዚህ በፊት ጥቁር ተቀብተዋል፤ መቼ እንደተቀቡ የሸጠላት ሰውም አያውቅም። እጅ በሚያርፍበት ሁሉ ቀለሙ ተልጦ የፋብሪካው ግራጫ ብቅ ብሏል። የቀረውን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ያልተቀባውን የዳሽቦርድ ክፍል ደግሞ ፀሐይ በልቶት ነጣ ነጣ ብሏል።

ለአንድ ጋራዥ አሳይታ ነበር። ሳይፈቱ፣ ወንበሩን በላስቲክ ሸፍነው ለመርጨት 6,000 ብር ጠየቋት። እኔ ፈትቼ ልሥራው አልኩ። ገንዘብ ለማትረፍ አይደለም፤ ሒሳቡ ወደ ታች አለ፣ ከዚያ በላይ ነው የወጣው። የቀድሞው ቀለም ሳይፈታ እንደተረጨ ምልክቱ በየቦታው ይታያል፤ የብሎኖቹ ራስ ላይ ቀለም፣ የመስታወት ማዘዣው ጠርዝ ላይ ቀለም፣ የበሩ ጎማ ላይ ሳይቀር ቀለም። 6,000 ብር ከፍሎ ያንኑ ማስደገም አልታየኝም።

እህቴ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፈልጋ ነበር። ዳሽቦርድ አናት ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም ካለ ግን የፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና መንገዱን ይጋርዳል። እዚህ ከተማ በበጋ ቀትር ላይ የነዳ ሰው ያውቀዋል። በማት፣ በማያብረቀርቀው፣ ተስማማን፤ ጥቁር ሆኖ ወደ ከሰል የሚያደላ።

ማውለቅ

መጀመሪያ ባትሪ። ኔጌቲቩን ፈትቶ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቶዮታ የጥገና መመሪያ ኤርባግ አካባቢ ከመነካቱ በፊት ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፣ ሲስተሙ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ። የመሪው መሃልና የተሳፋሪው ኤርባግ ክዳን ደግሞ ከነጭራሹ አይቀቡም። ክዳኑ በአደጋ ጊዜ በተሠራለት ስስ መስመር ላይ እንዲቀደድ ሆኖ የተመጠነ ነው፤ ቀለም ደርበንበት እንዴት እንደሚቀደድ ማን ያውቃል። ነጣ እንዳለ ይቅር።

የበሩ ፓኔል አወላለቅ ቀላል ነው። የስፖኪዮው ውስጥ ያለችው ሦስት ማዕዘን ክዳን ትነሳለች፣ የእጀታው ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀው ብሎን ይፈታል፣ የመስታወት ማዘዣው ከነሶኬቱ ይወጣል፣ ከዚያ ዙሪያውን ያሉት ክሊፖች። ክሊፖቹን በካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ጥርስ ይተዋል፤ ከኔ በፊት የፈቱትም ትተዋል። የቀርከሃ ስንጣሪ አንድ ጫፉን አሳስቼ ተጠቀምኩ። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አይተናነስም፤ ጠንካራ ነው፣ ፓኔሉን ግን አይጭርም። ክሊፖቹ ግን ዕድሜ ጠግበዋል፤ የያዙት ያዙ፣ የተሰበሩት ተሰበሩ። 14 አዲስ ተገዛ፣ አንዱ 25 ብር።

ፓኔሉ ሲነሳ ከሥሩ በጥቁር ማስቲሽ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ አለ። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ የማያሳልፈው እሱ ነው። እንዳይቀደድ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። በኋላ የግራው የኋላ በር ላይ ከጥግ ተቀድዶ አገኘሁት፤ ለጊዜው በፕላስተር አሽጌ አለፍኩ።

ብሎኖቹን በየበሩ በፌስታል ለይቼ፣ ፌስታሉን እዚያው ፓኔሉ ጀርባ ላይ ለጠፍኩ። የሁለት በር ብሎን ከተቀላቀለ ቁመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙ ገብቶ ፓኔሉን በስቶ ይወጣል።

የፕላስቲኩ ዓይነት

ሥራው በሙሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ቀለም ሱቅ ገብቶ «የፕላስቲክ ቀለም» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የትኛው ፕላስቲክ?

መልሱ እያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ላይ ተጽፏል። የበሩ ፓኔሎች ፒፒ ይላሉ፣ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። የመሃል ዳሽቦርዱ ክፈፍና የአየር መውጫዎቹ ኤቢኤስ። ከመሪው ሥር ያለው የታችኛው ሽፋን ደግሞ ቲኤስኦፒ ይላል። ይሄኛው መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ቶዮታ በፈረንጅ 1991 ያወጣው የራሱ ድብልቅ ነው፣ ቤተሰቡ ግን ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ስለዚህ አያያዙም እንደ ፒፒ።

ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ኤቢኤስ ቀለም ይወዳል። ከጸዳና ትንሽ ከሻከረ ተራ አክሪሊክ ስፕሬይም ይይዘዋል። ፒፒ ግን ቅባታም ባሕርይ አለው፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ተኝቶ ይደርቃል እንጂ አይጣበቅም። የቀድሞው ሥራ በሮቹ ላይ ተልጦ የመሃል ክፈፉ ላይ ደህና ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። ያው ቀለም፣ ያው እጅ፣ ፕላስቲኩ ብቻ የተለያየ።

ምልክቱ የጠፋበት ቁራጭ ካለ ውሃ ላይ ጣሉት የሚል ምክር ይሰጣል፤ ፒፒ ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰምጣል። ንጹሕ ፒፒ እውነትም ይንሳፈፋል። የመኪና ፒፒ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታልክ የሚባል የድንጋይ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ቲ20 የሚል ምልክት ካለው 20 በመቶው ታልክ ነው፣ እሱ ይሰምጣል። ውሃው ብቻ አይበቃም። ከጀርባ ትንሽ ፍቆ ፍቅፋቂውን ማቃጠል የተሻለ ይለያል፦ ፒፒ ጥቁር ጭስ ሳያወጣ ይነድና እንደጠፋ ሻማ ይሸታል፣ ኤቢኤስ ጥላሸት የሚጥል ጥቁር ጭስ ያወጣል። ውጭ ሆኖ፣ ጥቂት ብቻ፣ ጭሱን ሳይስቡ።

የካቲት አጋማሽ፤ እጥበት

ጠላቱ ላቫጆ ውስጥ የሚቀባው የዳሽቦርድ ማብረቂያ ነው። አብዛኛው ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን ያለበት ፕላስቲክ ላይ ቀለም ሲያርፍ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጥራል፣ ከሥሩም አይይዝም። በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ጨርቁ ራሱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዞት ይዞራል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ። ለብ ያለ ውሃ ከላርጎ ጋር፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የፓኔሉ ቆዳ መሰል ሽብሽብ ውስጥ እስኪገባ ማሸት። ማጠብ። እንደገና። ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለት ጨርቅ ይዞ፦ በአንዱ ረጥቦ ማበስ፣ ከመድረቁ በፊት በደረቁ ማንሳት። አልኮሉ ፓኔሉ ላይ እንዲደርቅ ከተተወ ያሟሟውን ሲሊኮን እዚያው መልሶ ያስቀምጠዋል። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፣ ይጣላል። የድሮ ቲሸርት ጥሩ ነው፤ ከላቫጆ የሚመጣ ፎጣ ግን አይሆንም፣ ማብረቂያውን ጠጥቶ የኖረ ነው። በነጭ ጋዝ የሚያጥቡ አሉ። ነጭ ጋዝ ራሱ ቅባት ይተዋል።

መጥራቱን የሚነግረው ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ አፍስሶ ማየት፤ አንድ ቦታ ላይ ለብቻው ተሰብስቦ ከሸሸ እዚያ ገና ቅባት አለ። የሾፌሩ በር የእጅ ማሳረፊያ ከሌላው ሁሉ በላይ አስቸገረ። ለቧንቧ ውሃ መጥፋት ሲባል በበርሜል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የጣናን ውሃ ቀድቶ መጠቀም ያሰቡ ካሉ ግን ደቃቁ ደለል ሽብሽቡ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

የድሮውን ቀለም ማንሳት

በፒፒዎቹ ላይ ቲነር በጨርቅ። ፒፒ ቲነርን በጥቂት ደቂቃ አይፈራውም፤ የድሮው ቀለም ተጨማድዶ ተነሳ፣ ሽብሽቡ ውስጥ የቀረው በብሩሽ ወጣ። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ጓንትና አየር ካለ።

ኤቢኤስ ላይ ይህ አይሞከርም። የክፈፉ ጀርባ ላይ በትንሹ ነካሁትና ጨርቁ ግራጫ ይዞ መጣ፤ ፕላስቲኩ ራሱ እየሟሟ ነው። ትንሽ ቢቆይ ብሎን በሚገባባቸው ጉልበቶች አካባቢ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ኤቢኤሶቹ በውሃ ወረቀት (እየረጠበ በሚፈገፈግ ብርጭቆ ወረቀት) ተሠሩ፦ 400 ቁጥር ልጡን ለማስተካከል፣ 600 ለመጨረስ። የድሮው ቀለም ኤቢኤስ ላይ በደንብ የያዘ ስለሆነ ሁሉንም ማንሳት አላስፈለገም፤ ጠርዙ በጣት የማይታወቅ እስኪሆን ማለስለስ በቂ ነው።

የበሮቹን ፓኔል ግን በብርጭቆ ወረቀት መንካት አልፈለግሁም። ፋብሪካው ያተመበት ቆዳ መሰል ሽብሽብ በ400 ቁጥር ይጠፋል፤ ከጠፋ የሚመልሰው የለም፣ ቀለም ሲቀባ ያ ቦታ ብቻ እንደ ጠባሳ ያበራል። ለዚህ የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያው አረንጓዴ ሻካራ ከላርጎ ጋር በቂ ነው። ሽብሽቡን ሳይበላ ድምቀቱን ብቻ ይገድለዋል።

ሙከራው

ፕሮሞተር የሚባለው፣ ፒፒ ላይ ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ የሚረጨው፣ ባሕር ዳር ውስጥ በጠየቅኩባቸው ሱቆች አልነበረም። ባለሱቆቹ «ፕራይመር አለ፣ ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። ተራ ፕራይመር ብረት ላይ የሚይዝ ነው። የሚፈለገው ጣሳው ላይ ለፒፒና ለፖሊኦሌፊን (ፒፒ ለሚመደብበት ቤተሰብ) የሚል ያለበት ነው። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንዲገዛልኝ አደረግሁ፤ ሁለት ጣሳ፣ እያንዳንዱ 1,900። ስፕሬይ ጣሳ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በአውቶቡስ በሰው እጅ እስኪመጣ ቀናት ወሰደ። በዚያ መሃል ያለውን በሙከራ አሳለፍኩት።

ሙከራው ፓኔሉ ጀርባ ላይ ነው፣ ማንም የማያየው ቦታ። በቀለም ከተረጨና በደንብ ከደረቀ በኋላ በምላጭ ስድስት መስመር ወደዚህ፣ ስድስት ወደዚያ፣ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ተራርቆ፣ ቀለሙን ብቻ እስኪቆርጥ። የሚያወጣው ትንንሽ አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ጠንካራ ስኮች ለጥፎ፣ በጥፍር አሽቶ፣ በአንድ ምት መሳብ።

ታጥቦ ብቻ የተቀባው ፒፒ፦ ስኮቹ ሁሉንም ይዞ መጣ። ፓኔሉ ላይ የቀረው የምላጩ ጭረት ብቻ ነው።

ታጥቦ ተሻክሮ የተቀባው፦ ከግማሽ በላይ ተነሳ። ጠርዝ ጠርዙ ያዘ፣ መሃሉ ሄደ። የቀድሞው ሠሪ ይህን ነው ያደረገው ብዬ እገምታለሁ፤ ለጥቂት ወር ያምራል።

ታጥቦ በእሳት የተለበለበው፦ ይሄ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። የጋዝ ችቦ ሰማያዊ ነበልባሉን በፍጥነት አሳልፎ ላዩን ብቻ መለወጥ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ሲፈስበት መሸሹን ትቶ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ቀለሙም ያዘ፣ ስኮቹ ባዶውን ወጣ ማለት ይቻላል። ችግሩ እጅ ነው፤ ለቅጽበት ብዘገይ የፓኔሉ ጠርዝ ይቆለመማል። ቁራጭ ላይ ጠርዙ ተቆልምሞ አየሁና ለትልቅ ፓኔል አልደፈርኩም።

ፕሮሞተር ያለበት፦ አንድም አልተነሳ። ደግሜ ስኮች ቀይሬ ሳብኩ፣ አልተነሳም። ጨርሻለሁ።

የተሰበሩ ጆሮዎች

የሾፌሩ በር ፓኔል ታች ላይ ክሊፕ የሚይዙ ጆሮዎች ተሰብረዋል፣ ቀድሞም በሱፐር ግሉ ተጣብቀው ነበር። ሱፐር ግሉ ፒፒን አይይዝም፤ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይላቀቃል። ያለው አማራጭ ማቅለጥ ነው፣ ለማቅለጥ ደግሞ ያው ዓይነት ፕላስቲክ ያስፈልጋል።

ግቢያችን ውስጥ የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ ጎረቤት «ይሄው ፕላስቲክ» ብሎ አቀበለኝ። ጀሪካን ኤችዲፒኢ የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ከፒፒ ጋር አብሮ የቀለጠ ይመስላል፣ ሲበርድ ግን ይላቀቃል። የሚሆነው ከካፌ የተጣለ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ከመቀመጫው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥርና ፒፒ የሚል ምልክት አለው። እግሩን በቢላዋ ወደ ቀጫጭን ዘንግ ቆራርጬ አስቀመጥኩ። ቀለሙ ነጭ መሆኑ ግድ የለም፣ ይቀባል።

ሥራው፦ ስንጥቁን በቢላዋ ጫፍ ቦይ አድርጎ መክፈት፣ ከጀርባ የስቴፕለር ሽቦ በኤሌክትሪክ መበየጃ ካውያ እያሞቁ አግድም መቅበር፣ ከዚያ ዘንጉን እያቀለጡ ቦዩን መሙላት። ፒፒ 160 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ካውያው ግን ከ300 በላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለም። ቡናማ ከሆነና ጭስ ካወጣ ተቃጥሏል፣ ያ ቦታ በኋላ ይሰበራል፤ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና። ጆሮዎቹ አሁን ከፋብሪካው ይበልጥ ወፍራም ናቸው። አያምሩም፣ ከፓኔሉ ጀርባ ማን ያያቸዋል።

የአየር መውጫው ክፈፍ ኤቢኤስ ስለሆነ ሌላ መንገድ ነው። ከማይጠቅም ኤቢኤስ ቁራጭ ፍቄ በትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አሴቶን አፍስሼበት አሳደርኩ፤ ወፍሮ ሊጥ መስሎ አደረ። ስንጥቁን በዚያ ሞላሁ፣ ሲደርቅ ራሱ ኤቢኤስ ነው። ብረት ላይ የሚቀባው የጋራዥ ስቱኮ ለሁለቱም አይሆንም፤ ፒፒ ላይ በፍጹም አይይዝም።

መጋቢት መግቢያ፤ ርጭት

ለዚህ የሰዓት ምርጫ ከቀለሙ ምርጫ እኩል ነው። ሽምብጥ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። ማታ መብራት አብርቶ መሥራት ደግሞ ትንኙን መጋበዝ ነው፤ እርጥብ ማት ላይ ያረፈ ትንኝ ሲነሳ እግሩን ትቶ ነው። ለዓመታት መኪና የቀቡ አንድ ጎረቤቴን ጠየቅኋቸው። «ማለዳ ጀምር፣ ፀሐይ ሳይከር ጨርስ። ደግሞ ከማንጎው ሥር ውጣ» አሉኝ። ማንጎው አብቦ ነበር፤ ወለሉ ላይ የረገፈውን አበባ ሳይ ገባኝ። ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቶ አቧራውን ማስተኛት፣ ገመድ ወጥሮ ፓኔሎቹን በሽቦ ማንጠልጠል። መሬት ላይ ተኝቶ የሚረጭ ዕቃ ከሥሩ የሚመልሰውን አቧራ ይጠጣል።

ኮምፕሬሰር አልተከራየሁም። በጣሳ የመረጥኩት መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ነው፤ ፓኔሉ ላይ ግማሽ ቀለም ይዞ መብራት መጠበቅ አይፈለግም። ማለዳ ጣሳው ሲቀዘቅዝ ወፍራም ጠብታ ይተፋል፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ይበቃል። እሳት ላይ፣ ሙቅ ውሃም ውስጥ አይሞከርም፤ ጣሳው ላይ ራሱ ከ50 ዲግሪ በላይ አታድርስ ይላል።

ማስክ፦ የኮቪድ ጊዜው ማስክ የቀለም ጭስ አይይዝም፣ ጠብታውን ብቻ ነው። ካርቦን ካርትሪጅ ያለው 1,600 ብር ወጣበት። ከከበዱኝ ወጪዎች አንዱ እሱ ነበር፣ ግን ለሌላም ሥራ ይቆያል።

ፕሮሞተሩ ውሃ መስሎ ነው የሚወጣው፣ መቀባቱ በዓይን አይታወቅም። ፓኔሉን ወደ ብርሃን አጋድሎ እርጥበቱን ማየት ነው። ስስ አንድ ዙር፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ስስ። አይፈገፈግም፣ በእጅም አይነካም። ቀለሙ በላዩ የሚሄደው ጣሳው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ለቁርስ ገብቶ ማደር የለም።

ቀለሙ፦ የመጀመሪያው ዙር ጤዛ ያህል ብቻ፣ የታችኛው ግራጫ እየታየ። ሲያዩት ያልተሠራ ይመስላል፣ እጅ ይበላል፣ ጨምር ጨምር ያሰኛል። ሽብሽቡን የሚሞላው ያ መጨመር ነው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ርጭቱን ከፓኔሉ ውጭ ጀምሮ ከፓኔሉ ውጭ መጨረስ፣ መስመሩን ግማሽ በግማሽ መደራረብ። በሦስተኛው ዙር ግራጫው ጠፋ፣ ሽብሽቡ ግን ቁልጭ ብሎ ቀረ። የወንበር ፕላስቲክ የገባበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ለስላሳ ሆኖ ታየ፤ ከታች ስለሆነ ተውኩት።

የግራው የኋላ በር ላይ አንድ ቦታ ቀለሙ ሸሸ። ትንሽ ክብ፣ የእጅ ማሳረፊያው ሥር፣ ሲሊኮኑ የተደበቀባት ጥግ። እርጥቡ ላይ ቀለም መጨመር አይደፍነውም። እንዲደርቅ ተትቶ፣ ያ ቦታ በአልኮል ታጥቦ፣ በአረንጓዴው ሻካራ ተነክቶ፣ ፕሮሞተር፣ እንደገና ጤዛ። አሁን የት እንደነበር አላገኘውም።

በማዘዣዎቹ ዙሪያና እጅ በሚያርፍበት ማት ክሊር፣ ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን፣ ተደረበ። ሌላው ያለ ክሊር ቀረ። ክሊሩን ጣሳውን ደጋግሞ ሳይነቀንቁ የሚረጭ ሰው ማት ገዝቶ አብረቅራቂ ያገኛል፤ ማት የሚያደርገው ዱቄት ታች ይተኛል።

መጋቢት አጋማሽ፤ መግጠም

ቀለሙ በሰዓታት ይደርቃል፣ በጥፍር የማይጎዳ የሚሆነው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። እህቴ መኪናዋን ፈልጋ በየቀኑ ትደውላለች። ፓኔሎቹን ከሳምንት በላይ ጥላ ውስጥ አቆይቼ ነው የገጠምኳቸው። ብሎን ሲጠብቅ በቀለሙ ላይ የሚዞር ራስ ትኩሱን ቀለም አጣምሞ ያነሳል፤ በእጅ ካቻቢቴ፣ ሳይጠብቁ።

ፓኔሉ ብረቱን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ስስ ጨርቅ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ከማርሹ ዙሪያ ይመጣ የነበረው ጭርጭርታ በዚያው ጠፋ። ባትሪ ከመመለሱ በፊት ሶኬቶቹ ሁሉ መግባታቸው ይታይ፤ የኤርባግ መብራት ዳሽቦርድ ላይ በርቶ ከቀረ ሌላ ጣጣ ነው።

ሒሳቡ፦ ክሊፕ 350፣ ላርጎና ብሩሽ 200፣ አልኮል 750፣ ቲነር 350፣ ብርጭቆ ወረቀት 360፣ አሴቶን 150፣ ፕላስተር 120፣ ፕሮሞተር 3,800፣ ማት ቀለም አምስት ጣሳ 2,400፣ ማት ክሊር ሁለት ጣሳ 1,300፣ ማስክ 1,600። ድምር 11,380 ብር። ከዚህ ውስጥ ቀለም የሚባለው 2,400 ብቻ ነው፤ እህቴ ግን የቀለም ዋጋ ነው የመሰላት።

ሐምሌ፤ ዝናብ ከገባ በኋላ

በሮቹ እንደያዙ ናቸው። ጥፍር፣ የመቀመጫ ቀበቶ ብረት፣ የሕጻን ጫማ ሁሉ ነክቷቸዋል። የመሃል ክፈፉም ደህና ነው።

ያልያዘው የሾፌሩ በር መጎተቻ ነው። አልተላጠም፣ ግን ማቱ በእጅ ቅባትና በቫዝሊን ታሽቶ ማብራት ጀምሯል። ክሊሩ አንድ አካል ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ለስላሳ ነው። የሚሻለው ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ባለ ሁለት አካል ማት ክሊር ነው። ማጠንከሪያው ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳው አይሶሲያኔት ስላለበት ግን በግቢ ውስጥ፣ በኔ ማስክ፣ አልነካውም። የርጭት ክፍል ላለው ጋራዥ መጎተቻዋን ብቻ ፈትቼ እሰጣለሁ፤ 900 ብር ብለውኛል። አሁን አይደለም። በዚህ እርጥበት የሚረጭ ክሊር ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ይይዛል።

የግራው የኋላ በር ሥር ምንጣፉ ረጠበ። ያ ጥጉ የተቀደደው ላስቲክ ነው፤ ፕላስተሩ ለበጋ ነበር። ፓኔሉን እንደገና አወረድኩ (ከነክሊፖቹ ሳይሰበሩ፣ አዲሶቹ ስለሆኑ)፣ ወፍራም ላስቲክ በልክ ቆርጬ በማስቲሽ ዙሪያውን ዘጋሁ። ምንጣፉን አንስቶ ማድረቅ ፓኔሉን ከመቀባት ይከብዳል።

አንድ ላቫጆ ደግሞ፣ አትቀቡ ተብሎ ተነግሮ፣ ሁሉንም ማብረቂያ ቀብቶ መለሳት። በላርጎ ለቋል። የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን ውስጠኛ ፓኔል ገና አልተነካም፤ ምልክቱን አይቻለሁ፣ ፒፒ ነው፣ ከፕሮሞተሩ ግማሽ ጣሳ ተርፎኛል። ጥቅምት ላይ፣ ማለዳ።